እንዶድን ለዓለም ችሎት ያቀረቡት ዶክተር አክሊሉ ለማ

እ.ኤ.አ. በ1964 ነው (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም ካልተለዩ በስተቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ትምህርታቸውን ጨርሰው የተመለሱ አንድ ወጣት ተመራማሪ በዓድዋ ከተማ በአሰም ወንዝ ዳር ይመላለሳሉ። የሚፈልጉት ወርቅም ቅርስም አይደለም፤ ቀንድ አውጣ ነው። ፍለጋው ግን አንድ እንግዳ ነገር አሳያቸው። በወንዙ በአንድ ወገን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። ሴቶች ተሰብስበው ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ደግሞ የሞቱት በዝተዋል። ሴቶቹ የሚያጥቡት በሳሙና አልነበረም። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት በኖሩት በእንዶድ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፈው ነበር። እኚህ ሰው ግን ሕያው ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ውኃ የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመር አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ያልሞላው ዶክተር አክሊሉ ለማ የቀረውን ዕድሜያቸውን የወሰደባቸውን ሥራ የጀመሩት በዚያች ቀን ነው።

ስለ እኚህ ሰው ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር አለ። በቅርቡ እዚሁ አያት፣ ጎረቤት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስማቸውን ባነሣ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ሰዎች ሳይቀሩ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ አክሊሉ ሀብተወልድ የማወራ መሰላቸው። እንዶድ ስል ግን ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ቀና አሉና ፍሬው እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ስንት ሰዓት እንደሚዘፈዘፍ፣ የትኛው ጨርቅ ላይ እንደሚበረታ ዘርዝረው አስረዱን። ወጣቶቹ ፍሬውንም ሰውየውንም አያውቁም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1935 ተወለዱ። ወደ አሜሪካ ተጉዘው በኖርዝዌስተርንና በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች ከተማሩ በኋላ በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዲግሪ የያዘ ኢትዮጵያዊ አዲስ አበባ ተቀምጦ ቢሮና መኪና ቢጠብቅ የሚወቅሰው አልነበረም። እሳቸው የመረጡት ወንዝ ለወንዝ መዞርን ነበር። ምክንያቱ ብልሃርዚያ ነው።

የብልሃርዚያ ትል በሰው ደም ሥር ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ በሰገራ ወጥቶ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነፍሳት ግን ወደ ሰው ተመልሶ መግባት አይችልም፤ በመጀመሪያ አንድ የተለየ የቀንድ አውጣ ዝርያ ማግኘት አለበት። በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ተራብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን እጮች ሆኖ ይወጣል። እነዚህ እጮች ለመዋኘት የገባ ሕፃን፣ ውኃ የምትቀዳ ልጃገረድ ወይም መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ሲያገኙ ቆዳ ሰንጥቀው ይገባሉ። በሽታው ቶሎ አይገድልም። ዓመታት ወስዶ አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል፣ ልጅን ያቀጭጫል፣ ሠራተኛን ያደክማል። በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘው ነበር። እንግዲህ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቀንድ አውጣው ከተወገደ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ማለት ነው።

ጥያቄው የልብስ ማጠቢያ አረፋ ቀንድ አውጣን እንዴት ይገድላል የሚለው ነው። እኔ የሕግ ሰው ነኝና ነገሩ እስኪገባኝ ጥቂት ለፍቻለሁ፤ አንባቢም ከእኔ ጋር ጥቂት ይታገሥ።

በወንዝ ውኃ የሚኖር እንስሳ፣ ዓሣም ይሁን ቀንድ አውጣ፣ ሰውነቱ ከአካባቢው ውኃ ይልቅ ጨዋማ ነው። በዚህ ምክንያት ውኃ ቀንም ሌትም ወደ ሕዋሶቹ ይገፋል፤ በውስጡ ያለው ጨው ደግሞ ወደ ውጭ ይሾልካል። ዓሣ የሚተርፈው ትርፉን ውኃ በሽንት እያስወጣ፣ በሚተነፍስበት ስንጥብ ላይ ባሉ ልዩ ሕዋሶች ደግሞ ጨውን ከውኃው እየለቀመ ወደ ውስጥ በመመለስ ነው። ዕረፍት የሌለው ሥራ ነው። ውኃው ከወትሮው በላይ ሲሞቅ ወይም ባዕድ ነገር ሲገባበት ሌላ መከላከያ ይነሣል። ሕዋሱ ቅርጻቸው የተበላሸ ፕሮቲኖችን የሚያቃኑ ረዳት ፕሮቲኖችን ማምረት ይጀምራል። ይህንን የመጀመሪያውን ፍንጭ ያገኘው ፌሩቾ ሪቶሳ የተባለ ጣሊያናዊ ነበር፤ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ያየውን ያሳተመው በ1962 ነው። ከዚያ ወዲህ ይኼው ምላሽ ከባክቴሪያ ጀምሮ በዓሣና በሰው ሕዋስ ውስጥም እንዳለ ታውቋል። ቀንድ አውጣዎችም የራሳቸው ዘዴ አላቸው፤ ወደ ቅርፊታቸው ይሸሸጋሉ፣ አንዳንዶቹ ወንዙ ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ዝናብ እስኪመጣ ይቆያሉ።

ይኼ ሁሉ መከላከያ የሚሠራው ግን የሕዋሱ ሽፋን እስካልተቀደደ ድረስ ነው። የእንዶድ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር በአንድ ወገኑ ውኃን፣ በሌላ ወገኑ ቅባትን ይወዳል። አረፋ የሚሠራውም እድፍ የሚያስለቅቀውም በዚህ ጠባዩ ነው። የእንስሳ ሕዋስ ሽፋን ደግሞ ቅባት ነው፤ በውስጡም ኮሌስትሮል አለ። ሳፖኒኑ ከኮሌስትሮሉ ጋር ሲጣበቅ ሽፋኑ ይሸነቆራል። ያን ጊዜ ጨው የሚለቅመው ሕዋስም ሆነ ፕሮቲን የሚያቃናው ረዳት ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ቤቱ ራሱ ፈርሷል። በቤተ ሙከራ የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ቢጨመርም ሕዋሱ ይፈነዳል።

ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ሌላ ነው። ይህ ገዳይ ሳፖኒን ፍሬው ደርቆ ሳለ በአብዛኛው በሌላ መልክ ነው የሚገኘው፤ ጉልበት የለውም። ፍሬው ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውኃ ሲዘፈዘፍ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ተለቅቆ ወደ ብርቱው መልክ ይለውጠዋል። በአልኮል ቢያወጡት ኢንዛይሙ ስለሚከሽፍ ጉልበቱ ይቀንሳል። ኬሚስቶች ይህንን የተረዱት ከብዙ ድካም በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ያገኘኋቸው እናት የዘረዘሩልኝ የመውቀጥና የመዘፍዘፍ ሥርዓት እንግዲህ የማጣፈጫ ወግ አልነበረም፤ የኬሚስትሪው ዋና ክፍል ነበር።

ዶክተር አክሊሉ የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ እዚያ ከብልሃርዚያ ሌላ ቁንጭርን የመሳሰሉ በሽታዎችም ይጠኑ ነበር። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከሮበርት ፓርክኸርስት ጋር ሆነው ንጥረ ነገሩን ነጥለው አወጡ፤ ስሙም በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ። አገር ቤት ደግሞ የእርሻ ባለሙያው አቶ ለገሠ ወልደዮሐንስ ከየቦታው የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ ተክለውና አወዳድረው፣ ብዙ የሚያፈራና ብርቱ የሆነውን ለዩ። ቁጥር 44 በመባል የታወቀው ያ ዝርያ በኋላ እስከ ደቡባዊው አፍሪካ ድረስ ተወስዶ ተሞክሯል። የአቶ ለገሠ ስም ሁልጊዜ ሁለተኛ ሆኖ ስለሚጠራ እንጂ ያለ እሳቸው እንዶድ የአጥር ቁጥቋጦ ሆኖ በቀረ ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ታላቁ ሙከራ ተካሄደ። 17,000 ያህል ሕዝብ ባለባት ከተማ ወንዞቹ በእንዶድ ዱቄት በየጊዜው ታከሙ። በየጊዜው የሆነው እንዶድ የቀንድ አውጣውን እንቁላል ስለማይገድል ነው፤ የተፈለፈሉትን ዳግመኛ መምታት ያስፈልጋል። ከአምስት ዓመት በኋላ በትንንሾቹ ልጆች ዘንድ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በአዋቂዎች ዘንድ የታየው ለውጥ ያን ያህል አልነበረም። ይኼ ግን የሙከራውን ውጤት አያሳንስም። ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር አዋቂው ቀድሞ የያዘውን ይዞ ይቆያል፤ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደ ልጅ ግን አዲስ ምስክር ነው። ከውኃው በሽታ መጥፋት አለመጥፋቱን የሚናገረው እሱ ነው።

ለአንድ የሕግ ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማየት ይከብዳል። ይሁንና ችሎቱ አልተቀበለውም።

በዚያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት የሚደግፈው የጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚያመርተውን ኬሚካል ነበር። የኢትዮጵያዊው ምርምር በዚሁ ድርጅት መጽሔት በ1970 ታትሞ ወጥቷል፤ እንግዲህ አልሰማንም ማለት አይቻልም። የቀረበው መልስ ግን እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ መርዛማ አለመሆኑ ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ባላቸው ቤተ ሙከራዎች ይረጋገጥ የሚል ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ሙከራ ከእነዚህ አልተቆጠረም።

እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን ፍትሕ መስጠት ይገባል። እንዶድ ንጹሕ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በአገራችን ኮሶ ለማሻር እየተባለ ሲጠጣ፣ ከዚያም አልፎ ጽንስ ለማስወረድ ሲውል የኖረና ሰው የጎዳ ነገር ነው። ዓሣንም ይገድላል። የዓሣ ስንጥብ ኦክስጅን ለመሳብና ጨው ለመልቀም ሲል ሽፋኑ እጅግ ስስ ነው፤ ሳፖኒን ሲያገኘው አይቋቋምም። በአንዳንድ አካባቢ ዓሣ አስጋሪዎች የብርብራ ፍሬ ፈጭተው ውኃ ውስጥ በመበተን ዓሣ እንደሚያሰክሩ ይታወቃል። ብርብራ ሮቴኖን የተባለ መርዝ አለውና የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ሕዋሱ ኦክስጅን ተጠቅሞ ኃይል እንዳያመነጭ ያግደዋል። እንዶድ ግን ሽፋኑን ነው የሚያፈርሰው። ስለዚህ ወንዝ ላይ ይህን ፍሬ ከመበተን በፊት ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሆኖም የባየሩ ኬሚካልም ዓሣ ይገድላል። እንዶድ በውኃ ውስጥ በሁለት ቀን ገደማ ፈርሶ ይጠፋል፤ ሴቶች ለዘመናት እጃቸውን ነክረውበታል። ዶክተር አክሊሉን ያስመረራቸውም ምርመራው መጠየቁ አልነበረም፤ ማን ይክፈለው የሚለው ነበር። የኩባንያ ምርት ሲሆን የሚያተርፈው ኩባንያ የምርመራውን ወጪ ይሸፍናል። በአጥር ላይ የሚበቅል፣ ማንም ሊያመርተው የሚችል ፍሬ ግን ሊያተርፍበት የሚፈልግ ባለሀብት ስለሌለው ወጪውን የሚሸፍንለት የለም። በእኛ ሙያ የማስረዳት ሸክም እንለዋለን። ሸክሙ አቅም በሌለው ወገን ላይ ሲወድቅ ፍርዱ ክርክሩ ሳይሰማ ያለቀ ያህል ነው። በመጨረሻ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ አድርጎ ምርመራዎቹ በተጠየቀው ደረጃ ተካሄዱ፤ በ1986ም በስዋዚላንድ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ስብሰባ ተደረገ። ዶክተሩ በአሰም ወንዝ ዳር ከቆሙ ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

እሳቸውም በዚያን ጊዜ አገር ውስጥ አልነበሩም። ከአብዮቱ በኋላ በ1976 ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሄደው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ዘርፍ ሠሩ፤ በኋላም ጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። እንዶድን ግን አልተዉትም። በ1989 ከአቶ ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጩ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ለሁለት ኢትዮጵያውያን በአንድ መድረክ እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ በአገራቸው የነበረው ወሬ ጦርነት ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ እንደ ሕግ ሰው ከሁሉም አስበልጬ የማሰላስለው ነው። ከጥቁርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ የመጣ ዜብራ መስል የሚሉት ባለ ቅርፊት ትንሽ እንስሳ በመርከብ ውኃ ተጭኖ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገብቶ፣ በ1988 ከታየ በኋላ የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን የውኃ ቧንቧ እየደፈነ አስቸግሮ ነበር። ይኼ ፍጡር ክሎሪን ሲሰማው ቅርፊቱን ዘግቶ ለቀናት መቆየት የሚችል ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1990 በኦሃዮ ወደሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በእንግድነት ሲሄዱ ነገሩን ሰሙ። በቀንድ አውጣ ላይ የሠራው እዚህም ሊሠራ ይችላል አሉ፤ ተሞከረ፤ ሠራ። በጥቅምት 1993 በዚህ አጠቃቀም ላይ የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠ። ዶክተር አክሊሉ ከዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ጋር ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። ባለመብቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ነበር።

በሕጉ ፊደል ሲታይ ነቀፌታ ማግኘት ያስቸግራል። ፓተንቱ ተክሉን አልያዘም፤ አንድ አዲስ አጠቃቀም ብቻ ነው የያዘው። እንዶድ ማጠብ የከለከለን የለም። ነገር ግን የፓተንት ሕግ ዕውቀት የሚጀምረው ላቦራቶሪ ገብቶ ከተጻፈ በኋላ እንደሆነ አድርጎ ይቆጥራል። ፍሬውን የመረጡት፣ መውቀጥና መዘፍዘፉን የደረሱበት የኢትዮጵያ እናቶች በዚህ መዝገብ ውስጥ ቦታ የላቸውም። የብዝኀ ሕይወት ስምምነት በዓለም አቀፍ ደረጃ በሥራ ላይ የዋለው በታኅሣሥ 1993 መጨረሻ፣ ፓተንቱ ከተሰጠ ከሁለት ወር ተኩል ያህል በኋላ ነው። ቀድሞ ቢሆንም ለውጥ አያመጣም ነበር፤ አሜሪካ ስምምነቱን አላጸደቀችም። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦት አዋጅ ቁጥር 482ን ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም በ2006። ለጤፍ እንኳ አዋጁ ዘግይቶ ነበር የደረሰው፤ ከሆላንድ ኩባንያ ጋር የተደረገው ውል አንድ ዓመት ይቀድመዋል። የዚያን ፓተንት ውድቅ መሆን ለመስማት የሄግን ፍርድ ቤት እስከ 2018 መጠበቅ ነበረብን። የቶሌዶው ፓተንት ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል።

ዶክተር አክሊሉ በሚያዝያ 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ይጠራል።

እሳቸው ሲከራከሩ በቆዩባቸው ዓመታት መድኃኒቱ ራሱ ተለውጧል። ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በአንድ ጊዜ ውሰድ ትሉን ስለሚገድል ዓለም ፊቱን ከቀንድ አውጣ ወደ ክኒን አዞረ። ኢትዮጵያም በ2015 ሰፊ ክኒን የማደል ዘመቻ በትምህርት ቤቶች ጀመረች። ብዙ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ክኒን የወሰደ ልጅ ከሰዓት በኋላ ወደዚያው ወንዝ ሲገባ እንደገና ሊያዝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ በሽታውን ለማጥፋት ከክኒኑ ጎን ለጎን ቀንድ አውጣን መቆጣጠር እንደሚያስፈልግ አስቀምጧል። ለዚህ ሥራ ድርጅቱ ተቀባይነት ሰጥቶት የቆየው ያው የድሮው የኩባንያ ኬሚካል ኒክሎሳማይድ ነው።

እንዶዱ ግን አልጠፋም። ከአያት ወጥተው ወደ ለገጣፎና ሰንዳፋ ሲጓዙ፣ ሕንፃ ያልደረሰባቸው የገበሬ አጥሮች ላይ ተንጠላጥሎ ሊያዩት ይችላሉ። ለጥያቄዬ መልስ የሰጡኝ እናት ባለፈው ሰሞን አንድ ቁና ያህል ደረቅ ፍሬ ከዘመድ አስመጥተው ለአራት ጋቢ አበቁት፤ ከመደብር የሚሸጠው ዱቄት ሳሙና ጥጡን ያሳሳዋል ባይ ናቸው።